አንድ ሄክታር ጤፍ ስንት የሥራ ሰዓት ይፈጃል? የእርሻ ሥራ ጊዜ እንዴት እንደሚለካ

ስለ እርሻ ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚለው ነው፣ ከዛ ማዳበሪያው ስንት ኪሎ ገባ፣ ዘሩ ስንት ነበር፣ ኩንታሉ በስንት ብር ሄደ እየተባለ ይቀጥላል፣ ሁሉም ቁጥር አለው። ያንን ኩንታል ለማምጣት ሰው ስንት ሰዓት አጎንብሶ ዋለ የሚለውን ግን የሚጠይቅ ብዙም አታገኙም፣ ቢጠየቅም መልሱ "ኧረ ብዙ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ነው" ከሚል አያልፍም። እኔ ይሄ ቁጥር ካልታወቀ ሌሎቹ ግማሽ ሂሳብ ናቸው ብዬ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም ገበሬው ከመሬቱና ከብሩ ሌላ የሚያወጣው ትልቁ ነገር የራሱን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ጊዜ ነው። ስለዚህ የእርሻ ሥራ ጊዜ እንዴት ይለካል፣ ለምንስ እንዲህ ያስቸግራል የሚለውን ጤፍን ይዘን እስቲ እንየው።

በመስመር ከመዝራት ልጀምር፣ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ የታየው እዛ ላይ ነውና። ከ2004 እና 2005 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲና ግብርና ሚኒስቴር ጤፍ በመስመር ይዘራ ብለው በሰፊው ገፉበት። ሃሳቡ መጥፎ አልነበረም፣ በብተና ሲዘራ በሄክታር 25 ወይም 30 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ዘር ይሄዳል፣ በመስመር ከሆነ ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል፣ ተክሉም እርስ በርሱ ሳይሻማ ስለሚያድግ ምርቱ ይጨምራል ተባለ፣ በብዙ ማሳም ጨምሯል። አሁን ሰዓቱን እናስላ። በመስመሮቹ መሃል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንድ ሄክታር 100 ሜትር በ100 ሜትር ብንወስደው 500 መስመር ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ መስመር 100 ሜትር ነው፣ ሲባዛ 50 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ድረስ ያለውን ያህል መንገድ ጎንበስ ብሎ፣ ሺ ፍሬው ግማሽ ግራም እንኳ የማይሞላ ዘር በጣት እያንጠባጠቡ መሄድ ማለት ነው። አንድ ሰው በደቂቃ 10 ሜትር ይዘራል እንበል፣ ለጭቃ መሬት ይሄ ራሱ ቀላል ፍጥነት አይደለም፣ ታዲያ 50 ኪሎ ሜትሩ 83 ሰዓት ይፈጅበታል፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 14 ቀን ገደማ ነው፣ ያውም ትልሙን የሚያወጣውና ከኋላ አፈር የሚመልሰው ሰው ሳይቆጠር። በብተና ግን እጁ የለመደ ሰው ያንኑ ሄክታር በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ሂሳቡን በአንድ ወገን ብቻ መዝጋት ልክ አይሆንም። በመስመር የተዘራ ጤፍ ለአረም ይመቻል፣ ሰው በመሃል ገብቶ ሲያርም ሰብሉን አይረግጥም፣ አረሙና ጤፉም ቶሎ ይለያሉ፣ ስለዚህ በዘር ጊዜ የጠፋው ሰዓት ከፊሉ በአረም ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ከፊሉ ማለት ስንት ነው የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ፣ እሱን ደግሞ በግምት አይመልሱትም፣ መለካት አለበት። በኋላ ተመራማሪዎች ሰዓቱን ጨምረው ሲያሰሉት በመሬት ስፋት ሲታይ የተሻለ የመሰለው አሠራር በሥራ ቀን ሲካፈል ያን ያህል እንደማያጓጓ ወጣ። ትንሿን ማሳ በመስመር ዘርቶ የቀረውን በብተና የዘራ ገበሬ ብዙ ነው፣ "ለውጥ አይቀበልም" ተብሎም ብዙ ተወርቶበታል፣ እኔ ግን ሰውየው በልቡ ሰዓቱን አስልቶታል ባይ ነኝ፣ ያላሰላነው እኛ ነን።

ደግሞ ጊዜን መለካት ለኛ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥማድ የሚባለው የመሬት ስፋት እኮ ራሱ የጊዜ ልክ ነው፣ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው፣ በብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር ማለትም 2500 ካሬ ሜትር ተብሎ ይወሰዳል። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ ብላችሁ ብታሰሉት ያስገርማል። በሬዎቹ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳሉ እንበል፣ በአንዱ ፈርና በሚቀጥለው መሃል 25 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል፣ 2500 ካሬ ሜትሩን ለመጨረስ 10 ኪሎ ሜትር ፈር ያስፈልጋል፣ ይሄ 4 ሰዓት ነው። ማሳው 50 ሜትር በ50 ሜትር ከሆነ 200 ፈር አለው፣ ጫፍ በደረሱ ቁጥር መዞር አለ፣ አንድ መዞሪያ 15 ሰከንድ ቢወስድ በድምሩ 50 ደቂቃ ይሆናል። ተደምሮ 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፣ እሱም በሬ በቀን ሳይጎዳ ሊጎትት ከሚችለው ጋር ይገጥማል። አባቶቻችን ስቶፕዎች ባይኖራቸውም ልኩን አግኝተውታል ማለት ነው።

አሁን ያንኑ 2500 ካሬ ሜትር ቅርጹን ለውጡት፣ 20 ሜትር በ125 ሜትር ይሁንና በጠባቡ በኩል ይታረስ፣ ተዳፋት ላይ ሆኖ በረጅሙ ማረስ አፈሩን የሚያስጠርግ ከሆነ ማለቴ ነው። የሚሄዱት መንገድ ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፈሩ ግን 500 ሆነ፣ መዞሪያው ብቻ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይበላል፣ ጠቅላላው ከ6 ሰዓት ያልፋል። አንድ አይነት ስፋት፣ አንድ አይነት በሬ፣ አንድ አይነት ሰው፣ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት። ለዚህ ነው "አንድ ሄክታር ለማረስ ስንት ሰዓት ይወስዳል" ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ የማላምነው። ጤፍ ደግሞ አንዴ ታርሶ አይዘራም፣ ሦስቴ አራቴ አምስቴ ይታረሳል፣ የመጀመሪያው እርሻ መሬቱ ጠጥሮ በሬውንም ሰውየውንም ሲያደክም የመጨረሻው ለስልሶ ይፈጥናል፣ ስለዚህ አንዱን ዙር ለክቶ በአራት ማባዛትም ስህተት ነው።

የመለኪያው አሃድም ራሱ ችግር አለበት። ሪፖርት ላይ "የሰው ቀን" የሚባል ነገር ታያላችሁ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ማለት ነው፣ ይሄ ማሳ 120 የሰው ቀን ፈጀ ይባላል። የማን ቀን? አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለስታቲስቲክስ አንድ የሙሉ ጊዜ የእርሻ ሠራተኛ ማለት በዓመት 1800 ሰዓት የሚሠራ ነው፣ 225 ቀን በቀን 8 ሰዓት ማለት ነው፣ አገሮቹ የራሳቸው ልክ ከሌላቸው በስተቀር በሱ ይሠራሉ። እኛ ጋ ሲታረስ ቀኑ 5 ሰዓት ነው ምክንያቱም በሬው ይደክማል፣ ሲታጨድ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ማታ 11 ሰዓት ሊኬድ ይችላል፣ በአረም ጊዜ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይቋረጣል። እነዚህን ሁሉ "አንድ ቀን" ብሎ መደመር ትልቁንና ትንሹን ጣሳ ሳይለዩ እህል መስፈር ነው። ስለዚህ ከተቻለ በሰዓት፣ ካልተቻለ ደግሞ ቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፎ።

ወደ አለካኩ እንምጣ። በጣም የተለመደውና በጣም ርካሹ መንገድ መጠየቅ ነው። ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያካሂደው የቤተሰብ ሰርቬይ ላይ ለየማሳው ማን ሠራ፣ ስንት ሳምንት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት እየተባለ ይጠየቃል። እስቲ ጥያቄውን በመላሹ ቦታ ሆናችሁ ስሙት። "አባቴ፣ እቺ የወንዙ ዳር ማሳ ላይ ለአረም ስንት ሳምንት ሠሩ?" "እ… ስድስት ሳምንት ይሆናል።" "በሳምንት ስንት ቀን ይሆናል?" "ከእሁድ በቀር ሁሉንም።" "በቀን ስንት ሰዓት?" "ቀኑን ሙሉ ነው፣ ስምንት በለው።" ሲባዛ 288 ሰዓት መጣ። ሰውየው አልዋሹም፣ ጥያቄው ግን ተራ የሆነውን ሳምንት እንዲያስቡ ነው ያደረጋቸው፣ ሰው ደግሞ ትዝ የሚለው ሥራ የበዛበት ሳምንት ነው። በየእለቱ ቢመዘገብ ኖሮ ምናልባት 4 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት ይሆን ነበር፣ 80 ሰዓት። እያንዳንዱ መልስ ላይ ስህተቱ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ሦስቱ ሲባዙ ግን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል አለፈ።

ይሄ የኔ ምሳሌ ነው፣ ግን በትክክል የተፈተነበት ቦታ አለ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ማራ የሚባል ክልል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከ800 በላይ የገበሬ ቤተሰቦችን በእጣ ከፋፍለው ግማሾቹን በየሳምንቱ እየሄዱ ወይም በስልክ እየደወሉ ጠየቁ፣ ሌሎቹን ደግሞ ምርቱ ከገባ በኋላ እንደተለመደው አንዴ ጠየቁ። ኋላ የተጠየቁት በአንድ ሰው በአንድ ማሳ ሲታይ በየሳምንቱ ከተጠየቁት እስከ አራት እጥፍ የሚደርስ ሰዓት ተናገሩ። እኔን ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ሁለተኛው ውጤት ነው፣ የቤተሰቡ ጠቅላላ ሰዓት ሲደመር ልዩነቱ አብዛኛው ጠፋ፣ ምክንያቱም ኋላ የተጠየቁት ሰዎች ሰዓቱን ቢያበዙም ትንንሾቹን ማሳዎችና አልፎ አልፎ የሠሩትን ሰዎች ረስተዋቸዋል። ሁለት ስህተት በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዶ ድምሩን ልክ አስመሰለው። ድምሩ ልክ ስለመሰለ ዳታው ልክ ነው ማለት አይደለም፣ የተረሱት እነማን ናቸው ብላችሁ ጠይቁ፣ ለጥቂት ቀን የመጣች ሴት ልጅ፣ ከትምህርት መልስ የሚያግዝ ልጅ፣ ጓሮ ያለችው ቁራጭ መሬት። የነሱ ሥራ ወረቀቱ ላይ የለም፣ የአባወራው ሥራ ደግሞ ተጋንኗል።

ሁለተኛው መንገድ ማስታወሻ ማስያዝ ነው፣ በየቀኑ ማታ ማን የት ምን ሠራ ብሎ መጻፍ። ጥሩ ነው፣ ግን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል፣ ብዙ ቤት ውስጥ እሱ ተማሪው ልጅ ነው፣ በሳምንት አንዴ በሞባይል ደውሎ መጠየቅም እንደሚሠራ ከታንዛኒያው ታይቷል። ርካሽም ነው፣ ኔትወርክ ካለ።

ሦስተኛው እዛው ቆሞ መለካት ነው፣ የምወደው እሱን ነው። አጨዳ ልትለኩ ሄዳችሁ እንበል፣ ማሳው ላይ 10 ሰው ተሰልፎ ያጭዳል። አንዱን ሰው ብቻ ይዛችሁ ስቶፕዎች ብትጫኑ ያ ሰው መታየቱን ያውቃል፣ ይፈጥናል፣ ከጎኑ ያለውም ከሱ ላለማነስ ይፈጥናል፣ ልኬቱ ተበላሸ። ስለዚህ የተሻለው በየ10 ደቂቃው ቀና ብሎ እያንዳንዱ ሰው በዛች ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ ብቻ መጻፍ ነው፣ ይሄኛው እያጨደ ነው፣ ያቺ ነዶ እያሰረች ነው፣ ያኛው ማጭዱን እየሳለ ነው፣ ሁለቱ ውሃ እየጠጡ ነው። በሰዓት 6 ጊዜ 10 ሰው ሲታይ 60 ምልክት ይሆናል፣ በ7 ሰዓት 420። ከ420ው 294ቱ "እያጨደ" የሚል ከሆነ ከሥራው ጊዜ 70 ከመቶው አጨዳ ነው ማለት ነው፣ ስህተቱም ወደ ላይ ወደ ታች 4 ወይም 5 ከመቶ ቢሆን ነው። ይሄ አሠራር የመጣው ከፋብሪካ ነው፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቲፔት የሚባል እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ማሽኖች ስንቱን ጊዜ ቆመው እንደሚውሉ ለማወቅ ነበር የተጠቀመበት። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እዛው ማሳው ዳር ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን 420ው ምልክት ሁሉ የአንድ ቀንና የአንድ ማሳ ስለሆነ ነው፣ ያ ቀን ሙቀት ከነበረ ወይም ጤፉ ተጋድሞ ከነበረ ቁጥሩ ስለዛ ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። የተጋደመ ጤፍ ያጨደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቀዋል፣ አንዱን እፍኝ ከመሬት ለማንሳት ብቻ እጅ ስንቴ እንደሚመላለስ።

ጀርመንና ስዊዘርላንድ በዚህ ነገር ረጅም መንገድ ሄደዋል። ጀርመኖች በ1924 እ.ኤ.አ. ሬፋ የሚባል የሥራ ጊዜ ጥናት ማኅበር አቋቁመው መጀመሪያ ለፋብሪካ ያወጡት ዘዴ ወደ እርሻም ገባ፣ ዛሬ ዳርምሽታት ያለው ካቴቤኤል የሚባለው ተቋም የእርሻ ሥራ ጊዜን በሠንጠረዥ ያወጣል፣ ስዊዘርላንድም አግሮስኮፕ የሚባለው የምርምር ተቋም ታኒኮን ላይ ተመሳሳይ ይሠራል። ዋናው ዘዴያቸው ሥራውን ሰባብሮ መለካት ነው። "ማረስ" ብለው አይለኩም፣ በሬ መጥመድ አንድ፣ ከቤት ማሳ መሄድ አንድ፣ ፈሩን መሄድ በሜትር፣ መዞር በአንድ መዞሪያ፣ የተበላሸ ነገር መጠገን አንድ፣ ዕረፍት አንድ። እነሱ በሬ አይጠምዱም፣ ትራክተር ነው፣ ግን ሃሳቡ ያው ነው፣ እኔ ከላይ ስለ ጥማድ ያሰላሁት በዚህ መንገድ ነው። ጥቅሙ እያንዳንዷን ቁራጭ አንዴ በደንብ ከለካችሁ በኋላ አይታችሁት ለማታውቁት ማሳ ማስላት መቻላችሁ ነው፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከቤት ያለውን ርቀት ብቻ ማወቅ ይበቃል።

ርቀቱ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ቤተሰብ መሬት አራት ቦታ ተበጣጥሶ አንዱ ማሳ ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ካስኬደ፣ በአረምና በአጨዳ ሦስት ሰው 15 ቀን ቢመላለስ 60 ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ይሄ ሰዓት አብዛኛው መጠይቅ ላይ የለም ምክንያቱም "ማሳ ላይ ስንት ሰዓት ሠሩ" ነው የሚለው።

ማሳ ላይ የማይሠራ ግን ለማሳው የሚሠራ ሥራ ሌላም አለ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደቦ ወጣ እንበል፣ 15 ሰው መጣ፣ ጤፉ በአንድ ቀን ታጨደ፣ ወረቀት ላይ 15 የሰው ቀን ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። ያ 15 ሰው ምን በላ? ለአንድ ሰው ለቀኑ 4 እንጀራ ብንል 60 እንጀራ ነው፣ አንዱ እንጀራ እንጨት በሚነድበት ምጣድ 3 ደቂቃ ቢፈጅ ምጣዱ ፊት ጭስ ውስጥ ብቻ 3 ሰዓት ነው፣ ሊጡ ከቀናት በፊት ተቦክቷል፣ ዱቄቱ ወፍጮ ቤት ሄዶ መጥቷል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ እንጨቱ ተለቅሟል፣ ወጡ ተሠርቷል፣ ጠላ ካለ ደግሞ ጌሾ ከመጠንሰስ ጀምሮ ከሳምንት በላይ የሚያስኬድ ሥራ ነው። ይሄ ሁሉ የአጨዳው ወጪ ነው፣ አጨዳው ባይኖር አይሠራም ነበርና። ግን "የቤት ሥራ" የሚል ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከእርሻው ሂሳብ ይወጣል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ሌላ ረስተን የምናልፈው አለ፣ የመጣው ሰው ቀን በቀን ይመለስለታል፣ ስለዚህ የኔ ማሳ ላይ የሠሩት 15 ሰዎች ነፃ ጉልበት አይደሉም፣ እኔ ወይም ከቤቴ አንድ ሰው ወጥቶ የሚከፍለው የቀን ዕዳ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ጥናት ሁሉንም በአዋቂ ወንድ ቀን ለመቁጠር ብሎ የሴትን የሥራ ቀን በ0.8፣ የልጅን ደግሞ በ0.5 ያባዛል። ለማረስ ወይም ለመሸከም ምናልባት ምክንያት ይፈለግለት ይሆናል፣ አረም ላይ ግን ምን ምክንያት አለው? ጤፍና ጤፍ የሚመስለውን ሳር በዓይን ለይቶ በጣት መንቀል ጉልበት ሳይሆን ትዕግስትና ዓይን ነው የሚፈልገው። ሳይለኩ 0.8 ብሎ ማባዛት መልሱን አስቀድሞ ጽፎ ጥያቄ እንደመጠየቅ ነው፣ ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ። በሰዓት ስንት ካሬ ሜትር ታረመ ብሎ ለወንዱም ለሴቷም ለክቶ የወጣውን መጻፍ ይቻላል፣ ከባድ ነገር የለውም።

ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ስንት ቀን አለን የሚለው። በአገራችን አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ነው። በብዙ የኦርቶዶክስ ገበሬዎች አካባቢ እሁድ አይታረስም፣ ከዛ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ አለ፣ ሁሉም ቦታ ሁሉም አይከበርም፣ ግን ሁሉን የሚያከብር ሰው እሁዱ ከበዓሉ ጋር የተደራረበውን ትተን በወር 17 ወይም 18 ቀን ነው የሚቀረው። በሳምንት 4 ቀን ገደማ ማለት ነው። ቅድም "ከእሁድ በቀር ሁሉንም" ያሉትን አባት አስታውሷቸው። ይሄን የምለው በዓል ይቀነስ ለማለት አይደለም፣ በዚያ ቀን በሬውም ያርፋል፣ ሰውም ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ማኅበሩን ይጠጣል፣ ብዙ ቀላል ሥራም ይሠራል። የምለው እቅድ ስናወጣ ያሉትን ቀኖች እንቁጠር ነው። ከነዚህ ላይ ዝናብ የሚያቋርጠውን ስትቀንሱ ለአንድ ሥራ የሚቀረው ጠባብ ነው። አንድ ሄክታር አረም 150 ሰዓት ይፈልጋል እንበል፣ አረሙ ሰብሉን ሳያንቀው መውጣት ያለበት በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው እንበል፣ በሳምንት 4 ቀን 12 ቀን አለ፣ በቀን 5 ሰዓት 60 ሰዓት ይሆናል፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ተኩል ያስፈልጋል። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ካለ ዓመቱን ሙሉ ሲታይ ትርፍ ጊዜ ቢኖረውም እነዛን ሦስት ሳምንታት አይወጣቸውም። "ገጠር ውስጥ ሥራ ፈት ጉልበት ሞልቷል" የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የዓመቱን ድምር ነው የሚያየው።

ኬሚካል መርጨት ለዚህ ነው የተስፋፋው። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ያጠፋል፣ ሳሩ በእጅ ነው የሚቀረው። የርጭቱ ሰዓት ራሱ ትንሽ ነው፣ ግን ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ውሃ ገደማ ያስፈልጋል፣ 10 ጀሪካን ማለት ነው፣ ወንዙ ሩቅ ከሆነ ከሚረጨው ሰው ይልቅ ውሃ የሚያመላልሰው ነው ብዙ ሰዓት የሚያወጣው፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አርሲና ባሌ ላይ ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነርም ሲታይ እንደዛው ነው፣ ማሽኑ ራሱ ሄክታሩን በሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፣ ግን ተራ መጠበቁ፣ ከደላላ ጋር መነጋገሩ፣ ጆንያ መያዙ፣ እህሉን ማጓጓዙ አለ፣ እነሱ ሳይለኩ "አጨዳ አንድ ሰዓት ሆነ" ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ከአጨዳው፣ ከክምሩ፣ ከውቂያውና ከማበጠሩ ጋር ሲተያይ የቀነሰው ጉልበት ብዙ ነው፣ እሱን አልክድም።

አሁን ይሄን በራሱ ቀበሌ መሞከር የሚፈልግ የግብርና ባለሙያ ወይም ተማሪ ካለ ብዙ በጀት አይጠብቅ። ማሳውን በሜትር ወይም በስልክ ጂፒኤስ ይለካ፣ ግን ትንሽ ማሳ ላይ የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሊሳሳት ስለሚችል ገመድ ይሻላል። ከዛ አንድ ማሳ መርጦ ከመጀመሪያው እርሻ እስከ ጎተራ ድረስ በየሳምንቱ ያንኑ ቤት ይጠይቅ፣ ሚስቲቱን ለብቻዋ፣ ባልየውን ለብቻው፣ ምክንያቱም አንዱ ስለሌላው ሥራ ሲናገር ሊያሳንስ ይችላል። ሰዓት ሲጠይቅ "ስንት ሰዓት" ከማለት ስንት ሰዓት ላይ ወጡ፣ ምሳ ሲመጣ የት ደርሰው ነበር፣ ስትመለሱ ከብት ገብቶ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ ሰው ቀኑን በነዚህ ነገሮች ነው የሚያስታውሰው። በዋና ዋናዎቹ ሥራዎች ላይ ደግሞ ጥቂት ቀን ሄዶ ቁጭ ብሎ በየ10 ደቂቃው ይመዝግብና ከተነገረው ጋር ያስተያይ። ሁሉንም መለካት ካልቻለ ከአረም ይጀምር፣ እርሻውን በሬው ይገድበዋል፣ ውቂያውን አውድማው ላይ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ አረሙ ግን ለወራት በጥቂት በጥቂቱ፣ በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች እጅ የሚሠራ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው።